ብሳና ዘጋፋት

የቅኔ ወዳጆች ከትልቁ የኢንተርኔት መድረክ ጓዛቸውን ጠቅልለው የወጡ ጊዜ ሠርግ የሚሄዱ እንጂ የሚሰደዱ አይመስሉም ነበር። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለው ደግሞ ይሻው ነው። ይሻው ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። በልጅነቱ ጋፋት ከየኔታ ወልደሚካኤል ዘንድ ቅኔ ቆጥሯል። ኋላ ድቁናውን ትቶ አስኳላ ገባ፤ ቅኔው ግን አልለቀቀውም።

ያ መድረክ የዓለም ሰው ሁሉ ስለ ሁሉም ነገር የሚለፈልፍበት ነው፤ ስለ ውሻ አመጋገብም፣ ስለ ጦርነትም፣ ስለ ራስ ምታትም። የኛዎቹ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል አንዲት ጥግ ይዘው ለዓመታት ሲቀኙ ኖሩ። አንዱ ቅኔ ይጥላል፣ ሌላው ወርቁን ፈልፍሎ ያወጣል፣ የገባው ሁሉ ከሥር «ይበል» ይላል። ማንም የማንንም ስም አይጠይቅም፤ የብዕር ስም ይበቃል። የይሻው ስም እንደ ዛፉ «ብሳና» ነበር።

እያደር የመድረኩ ጠባይ ተበላሸ። ግእዝ የማያውቅ ማሽን ዘበኛ ተሾመና ለአንድ ሟች መምህር የተቀኙትን ቅኔ «ጸያፍ ነው» ብሎ ሰረዘው። ቢጮኹበት ጭራሽ ጥጓን ዘጋባቸው። ይባስ ብሎ የጻፉትን ሁሉ ማሽን ማስተማሪያ እንዲሆን እየሸጠው ነው የሚል ወሬ መጣ። እዚህ ላይ የሰዉ ቆሽት አረረ። የደብተራ ቁጣ ቶሎ አይነሣም፤ ከተነሣ ግን በልመናም አይበርድ።

መውጫውን ያመጣችላቸው ዮርዳኖስ ናት። የቄስ ልጅ ነች፤ የከተማው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ ቅኔ ባትቀኝም መስማት ትወዳለች። «አዲሱ ቦታ ባለቤት የለውም» አለቻቸው። «እያንዳንዱ የራሱን ቤት ይሠራል፤ ቤቶቹ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። አንዱ የጻፈው ለሌላው ቤት ሁሉ ይደርሳል። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይኖራል። ከላይ ሆኖ የሚሰርዛችሁ ጌታ የለም።»

ይሻው ይህን ሲሰማ ልቡ ሞቀ። የቅኔ ጉባኤም ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ነውና፤ መምህሩ ሁሉ በየደብሩ ጎጆውን ቀልሶ ያስተምራል፣ ተማሪውም ካንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ይለቅማል። የሁሉ አለቃ የሚባል አያውቁም።

ቤቱን ልትሠራለት ቢሮዋ በተቀመጡ ዕለት ዮርዳኖስ ጠየቀችው። «መምህር፣ ቤቱን ማን ልበለው? ከስምዎ ኋላ የሚለጠፍ ነው፤ ያስቡበት።»

«ምን ይታሰብበታል? ጋፋት በይው እንጂ።»

ያላሰበበት ቸል ብሎ አይደለም። የቅኔ ሰው ስሙን ያለ አገሩ አይጠራም። አገሩ ማለት ደግሞ የተወለደበት ወይም ጎጆ የወጣበት አይደለም፤ የተማረበት ነው። ይሻው አድሮ የሚነሣው ደብረ ታቦር ከተማ፣ ከሚኒባስ መናኸሪያው ጀርባ ሆኖ ሳለ ራሱን የሚያውቀው በየኔታ አገር ነው፤ እንዲህ ማለቱም መምህሩን ማክበሩ ነው። ሌሎቹም እንደሱው አደረጉ። በስሙና በቤቱ መካከል የምትገባዋን ያቺን ጅራታም የኢሜይል ምልክት «ዘ» ብለው ያነቧት ጀመር። አንዱ ዘጉና ተባለ፣ አንዱ ዘእስቴ፤ ይሻው ብሳና ዘጋፋት ሆነ። ዮርዳኖስ የድሮውን ቅኔ ሁሉ ጥርግ አድርጋ አምጥታ በአዲሱ ቤት ስትደረድረው፣ በእያንዳንዱ ላይ ይኸው አዲስ ስም ታተመበት።

ከነዚያ ቅኔዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦

«የዘንድሮ በረዶ ቅርንጫፍ ሰባብሮ፣
ደብሩን አስናቀ ዛፎቹን መንጥሮ።»

ሰሙ በረዶ ነው፤ ዛፉን አራግፎ ደብሩን ለንቀት አጋለጠው ማለት ነው። ወርቁ ያለው «አስናቀ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። አስናቀ የሰው ስምም ነዋ። ጋፋት አካባቢ የደብሩን ደን ለከሰልና ለአጣና እያስመነጠረ፣ አጥሩን በየክረምቱ ወደ ውስጥ እየገፋ የሚሄድ አስናቀ የሚባል ባለጠጋ አለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ፤ ይህ ሰው ካህኑንም ገበሬውንም ንቆ ጨርሷል። ባዩ የሚባል ገበሬ ስለ ደኑ በሕዝብ ስብሰባ መሀል ተነሥቶ ተናገረ። ያ ባዩ ከገበያ ሲመለስ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። ሚስቱ ፈንታነሽ እስከ ዛሬ የምታለቅስበት መቃብር እንኳ የላት። ከዚያ ወዲህ የአስናቀን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ ጠፋ።

ይሻው ቅኔውን የጣለው ገና በድሮው መድረክ ሳሉ ነው። አስናቀ የሚባል ሰው በአገሩ ሞልቷል፤ ብሳና ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሰዉ በረዶውን ሲያደንቅ ከረመ። ይሻውም ለብቻው እየሣቀ ወርቁን ታቅፎ ተኛ።

አሁን ግን ከላዩ «ዘጋፋት» የሚል አለበት። የቅኔ ሰው ደግሞ ወርቅ አግኝቶ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ ዝም ካለ ያልገባው ይመስልበታል። አንዱ ከእስቴ «ይበል። የጋፋቱ አስናቀ ነው ለካ» ብሎ ጻፈ። ሌላው ተቀብሎ የደኑን ታሪክ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ሌላው ደግሞ የባዩን ነገር ጨመረበት። ይበል በይበል ላይ ተከመረ። ክፋት ያሰበ አንድም አልነበረም፤ ሁሉም አዋቂነቱን ማሳየቱ ነው። ሳይውል ሳያድር ቅኔው ፎቶ ተነሥቶ ከቤታቸው ወጣና በየሰዉ ስልክ ዞረ፤ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ በቃላቸው ያዙት።

ይሻው ይህን ያየው ፈተና እያረመ ሳለ ነው። ይሻው ጀግና አልነበረም፤ ጀግና ቢሆን መጀመሪያውኑ በራሱ ስም ይጽፍ ነበር። ወረቀቱን እንዳለ ትቶ ዮርዳኖስ ዘንድ ሄደ።

«አጥፊልኝ» አላት።

«ከእኛ ቤት አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ቅጂው ግን በሌሎቹ ቤት ሁሉ ደርሷል። እያንዳንዱን ባለቤት መለመን ነው፤ እሺ ያለ ያጠፋል፣ እንቢ ያለውን የሚያዘው የለም። የወጣነውም ለዚሁ ብለን ነበር እኮ፣ መምህር።»

«በድሮው አንዲት ቁልፍ ስጫን ከሁሉም ዘንድ ይጠፋ ነበር።»

«ጌታ ነበረዋ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ይሻው ይህንን ተረት ለተማሪዎቹ ስንቴ አስተምሮታል፤ በራሱ ሲደርስ ግን ገና ዛሬ ነው። «እንግዲያው ብሳናን ራሱን ዝጊው» አላት። «እኔ መሆኔን የሚያሳይ ቅንጣት አይቅር።»

ዮርዳኖስ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። «ይህን ካደረግሁ መመለሻ የለውም። ቅጂዎቹ ከነስሙ እንዳሉ ይቀራሉ፤ የርስዎ ለመሆናቸው ግን ምንም ማስረጃ አይኖርም። የድሮው ቢሆን ለኩባንያው አቤት ይባላል። እዚህ አቤት የሚባልበት ደጅ የለም።»

«ማን እብድ ነው ‹እኔ ነኝ› ብሎ አቤት የሚል? ዝጊው።»

ዘጋችው። ይሻው የዚያን ዕለት ራቱን በልቶ ተኛ።

በማግስቱ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲገባ ወሬው ደርቷል። ካሳሁን የሚባለው የጂኦግራፊ መምህር ጋዜጣ እያጣጠፈ «ያ የጋፋቱ ሽማግሌ ግን ወንድ ናቸው» አለ።

«የቱ ሽማግሌ?» አለ ይሻው።

«የኔታ ወልደሚካኤል ናቸዋ። ጋፋት ላይ ከእሳቸው ሌላ እንዲህ የሚቀኝ ማን አለ? አስናቀም ነገሩን ሰምቶ ‹ሄጄ ይበል እላቸዋለሁ› አለ አሉ። እየሣቀ ነው አሉ ያለው።»

ይሻው የያዘውን ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ስንት ጊዜ ስለ ራሱ አንገት ብቻ ሲጨነቅ፣ ስሙ ወደማን እንደሚያመለክት አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበም። ጋፋት ላይ እሱ ቤት የለው፤ ጋፋት ላይ ያሉት የኔታ ናቸው። አፈረ፤ እፍረቱ ሳያልቅ ፍርሃቱ ዋጠው። ክፍል እንዳለው እንኳ ሳይናገር ወጥቶ ባጃጅ ያዘ፤ መንገዱ ባጃጅ በማያስገባበት ላይ ወርዶ የቀረውን በእግሩ ሮጠ።

ከጉባኤ ቤቱ ደጅ ነጭ ፒካፕ ቆማለች። ሁለት ጎረምሶች ተደግፈዋታል፤ ጋቢያቸው ሥር የደበቁት ነገር አብጦ ይታያል። ሌላ ጊዜ ከሩቅ የሚሰማው የተማሪ ጉርምርምታ ዛሬ የለም። ተማሪዎቹ አጥሩን ተደግፈው ቁጭ ብለው መሬት መሬት ያያሉ።

አስናቀ መደቡ ላይ ከየኔታ ጎን ባርኔጣውን አውልቆ በትሕትና ተቀምጧል። ለስላሳ ሰው ነው፤ ድምፁ ከፍ ብሎ አያውቅም። ይሻው ገብቶ የየኔታን ጉልበት ሳመ። የኔታ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ በድምፁ ሊለዩት ጠበቁ።

«ይሻው ነኝ፣ የኔታ።»

«ምን ያራውጥሃል? ተማሪዎችህን ለማን ጥለሃቸው መጣህ?»

«ጥሩ ጊዜ ነው የመጣኸው» አለ አስናቀ። «የኔታ ወንድ ናቸው። ‹ይህ ቅኔ የማን ነው?› አልኳቸው፤ ‹የኔ ነው› አሉኝ። የማይክድ ሰው እወዳለሁ።»

ይሻው ደነገጠ። እኒህ ሰው ስልክ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። «የኔታ፣ ምነው? አንቱ መቼ ጻፉት?»

«ዘጋፋት ይላል አሉኝ» አሉ የኔታ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳዞሩ። «የጋፋት መምህር እኔ ነኝ።»

ይሻው ያን ጊዜ ገባው። ቅኔውን ሲያነቡላቸው የማን እጅ እንደሆነ አውቀዋል። ያሳደገውን ልጅ ቅኔ መምህር እንዴት ይስተዋል? «አቶ አስናቀ፣ ብሳና እኔ ነኝ» አለ። «እሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም። የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

አስናቀ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። «እስቲ ክፈተው። በብሳና ስም አንዲት ቃል ጻፍና አሳየኝ።»

«ዘግቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

ጎረምሶቹ ከደጅ ሣቁ። ይሻው ዮርዳኖስ ዘንድ ደወለና ሁሉ እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። የእሱ መሆኑን ነገረቻቸው፤ ቤቱን የሠራችው ራሷ እንደሆነች፣ ቅኔውንም ከድሮው መድረክ ያመጣችው እሷ እንደሆነች ሳትደብቅ ተናገረች።

«ማስረጃ ይኖርሻል፣ እኅቴ?» አለ አስናቀ።

«ተሰርዟል» አለች።

«እንግዲህ ቤት የሠራሽው አንቺ ከሆንሽ ስምሽን ማን ልበል? ሥራሽስ የት ነው?»

ይሻው ስልኩን ዘጋው።

«ተዉት» አሉ የኔታ። «ይህ ልጅ ለኔ ሲል የማይለው የለም። ከጥንትም ቤት መምታት አይሆንለትም ነበር። ስንት በትር አርፎበታል መሰላችሁ፤ እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ፍች ኅብር ከየት አምጥቶ?» ፈገግ አሉ። በዚያ ጉባኤ ከይሻው የበለጠ ኅብር የሚያውቅ ተማሪ ወጥቶ አያውቅም፤ ይህን ሊመሰክር የሚችል ደግሞ ከእሳቸው በቀር የለም።

«ለመምህሩ ሲል የማይዋሽ ተማሪ የት አለ» አለ አስናቀ፤ ባርኔጣውን አጠለቀ። «የኔታ፣ እዚህ በተማሪ ፊት ነውር ነው። ከተማ ወርደን ሽማግሌ ፊት እንነጋገር። እኔው ራሴ እመልስዎታለሁ።»

የኔታ መቋሚያቸውን ያዙና ተነሡ። ደጅ ሲደርሱ ለተማሪዎቹ «የጀመራችሁትን አታቋርጡ» አሏቸው። የቀጠለ ግን አልነበረም። አንዱ ጎረምሳ በክብር ደግፎ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ይሻው የኋላውን በር ሊከፍት ሲል ሌላው በደረቱ ከለከለው።

«ቦታ የለም» አለው። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር።

ፒካፗ አቧራዋን አስነሥታ ወረደች። ይሻው ከኋላዋ ሮጠ። መንገዱ ጥምዝምዝ ስለሆነ በማሳው መሀል አቋርጦ፣ ገብሱን እየረገጠ፣ ገበሬው ሲሰድበው እየሰማ፣ አስፋልቱ ዘንድ ቀድሟት ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ግራው ደብረ ታቦር ነው፣ ቀኙ የጉና ተራራ። መኪናዋ አስፋልቱ አፍ ላይ ዝግ ስትል የየኔታ ነጭ ጥምጣም በመስታወቱ ውስጥ ታየው። ፍሬቻ አላሳየችም። ወደ ጉና ወጣች።

ይሻው አስፋልቱ መሀል ቆሞ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እያለ ጮኸ። ከጉና በኩል የመጣ ሚኒባስ ጡሩምባ ነፍቶበት፣ ዞሮት፣ ወደ ከተማ አለፈ።