ያልገጠመው ብረት

የቢቸና ከብት ገበያ ነጋዴ ሁሉ ፈንታነሽን ይፈራታል። የተቆጣ ወይፈን ቀንዱን ይዛ፣ አፉን ፈልቅቃ ጥርሱን የምታይ ሴት ናት። የራሷ የታች ጥርሶች ግን ረግፈው አልቀዋል። ልጇን ስርጉትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት የሙሽራው አክስት ባንቺዓለም፣ «የሙሽራዋ እናት ሥጋውን ማን ያላምጥላት ይሆን?» ብላ በሰው ፊት አሣቀችባት። የፈንታነሽ ደም ፈላ። ለሠርጉ ጥርስ አብቅላ ባንቺዓለም አጠገብ እንደምትቀመጥ ሁሉም እየሰማ ማለች።

ሞጣ ሄዳ መንጋጋዋ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚታሰርበት ብሎን አስተከለች፤ አጥንቱ እስኪይዘውም ወራት ታገሠች። ሠርጉ እሑድ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ሐኪሟ ሪሃብ ጥርሶቹን የሚሸከመውን ብረት ብሎኖቹ ላይ አስቀምጣ አንዱን ጫፍ ብቻ አጠበቀች። ሌላው ጫፍ ብድግ አለ።

«አልገጠመም» አለች ሪሃብ።

«ሁሉንም አጥብቂያ! ያኔ ይገባል።»

«መግባቱንስ ይገባል፤ ግን ቀን ከሌት ይጎትታል። ብሎኑ ይሰበራል፣ አጥንቱም እየተበላ ይሄዳል።»

«እኔ ሕመም እችላለሁ!»

«እርስዎ ይችላሉ እትዬ፤ አጥንቱ አይችልም። ብረቱን ልቁረጠውና ሁለቱን ቁራጭ አፍዎ ውስጥ በየቦታቸው አስቀምጬ እንዳሉ ላያይዛቸው። ከዚያ ወጥቶ ይበየዳል። ለእሑድ ግን አይደርስም።»

ከፈንታነሽ ጋር የመጣው ወንድሟ ስጦታው ጮኸ። «የሰው መሳቂያ ልታደርጊን ነው? ለአንድ ቀን እንኳ ግጠሚላት!»

«ለአንድ ቀንም አልገጥምም» አለች ሪሃብ። «ካልሆነ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።»

ፈንታነሽ በንዴት ጦፈች። ይህች የትናንት ልጅ! መልሳ ግን አሰበችው። ገበያው «ምንም የለበትም፣ ንጂው» እያለ አንካሳ በሬ በሚሸጥ ሰው የተሞላ ነው። የሸቀጡን እንከን ራሱ የሚናገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ አላጋጠማትም።

«ቁረጪው» አለች።

እሑድ ድንኳኑ ሞልቷል። ባንቺዓለም የቁርጥ ሳህን ይዛ መጥታ፣ «ጥርሱስ የታለ?» አለች፤ ሁሉም እንዲሰማ።

ፈንታነሽ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገፋ አድርጋ ባዶ ድዷ እስኪታይ ሣቀች።

«ሞጣ ነው። ብረቱ ልክ አልመጣምና አስቆረጥኩት። ለአንቺ ዓይን ብዬ አጥንቴን አላስበላም!»

ብላ ተነሥታ ጭፈራው መሐል ገባች፤ አፏን ሳትሸፍን ዘፈን አወጣች። ባንቺዓለም ሳህኗን እንደያዘች ቀረች። የቀረው ድንኳን፣ ሙሽራውም ጭምር፣ እያጨበጨበ ተቀበላት።