ጠቅ የሚያደርገው መነጽር

ባለቤቴ የሠርግ ቪዲዮ ቆርጣ የምታቀናብር ናት፤ የሥራ ባልደረቦቿ «መቀስ» ይሏታል። ስክሪን ላይ አፍጥጣ ውላ ማታ ስትገባ ዐይኗ ደም ይመስል ነበር። ሐኪሙ፣ ማርገብገብ ስለምትረሳ ዐይኗ እየደረቀባት ነው አላት። አለቃዋ ይህን ሲሰማ ለሠራተኞቹ ሁሉ አዲስ መነጽር አመጣ። ማርገብገብ ሲዘነጉ ከጆሮ ከፍ ብሎ ቆዳቸውን በቀስታ ጠቅ ያደርጋል፤ የዐይናቸው ቆብም ወዲያው ይከደናል።

«ካንተ ይልቅ እሱ ያስብልኛል» እያለች ታበሽቀኝ ነበር። ቅላቱ ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። እኔም ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ መነጽሯን አውልቃ ስለ ጎረቤታችን ቧንቧ ሳወራላት አፍጥጣ ሰማችኝ። ወሬው የጣማት መስሎኝ አስረዘምኩት። እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ ደነገጥኩ። እሷም ደነገጠች፤ ምንም አላዘነችም ነበርና። እጄን ድንገት ወደ ፊቷ ሰነዘርኩ። የዐይኗ ቆብ አልተነቃነቀም።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?» ብላ ሳቀች። ስትስቅም ዐይኗ እንደፈጠጠ ነበር።

ሐኪሙ ጋ ተመለስን። መነጽሩን ካሁኑ ካልተወችው ቆቧ በራሱ መከደን ጨርሶ ሊረሳ እንደሚችል፣ የደረቀ ዐይን ደግሞ ቆስሎ እንደሚታወር ነገረን። እሺ አለች። ማታ ቆቧን በፕላስተር ለጥፌ አስተኛኋት። በማግስቱ ግን መነጽሩን ሳትነግረኝ ይዛው ሄደች።

ምሳ ሰዓት ላይ ተከትያት መሥሪያ ቤቷ ሄጄ ምሳ ክፍላቸው ገባሁ። መነጽሮቹ ጥግ ይዘው ቻርጅ ላይ ተሰክተዋል። ሰዎቹ ጠረጴዛ ከበው ይበላሉ፣ ይቀላለዳሉ።

«መቀስ፣ ባልሽ ቆርጦ ሊወስድሽ መጣ» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ። አንድም ዐይን አልተርገበገበም። እንባቸውን በሶፍት እየጠረጉ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ፣ ላቡን እንደሚጠርግ ሰው።

የሷን መነጽር ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ተነሥታ መጣች። ቤት እንሂድ፣ ሌላ ሥራ አይጠፋም አልኳት።

«ስጠኝ።»

«ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። አሸዋ የገባበት ያህል ያቃጥለኛል። ልጨፍን እላለሁ፣ እምቢ ይለኛል።»

በጣቴ ቆቧን ዝቅ አደረግኩላት። ስለቀው ተመልሶ ተከፈተ። ደገምኩት። የዐይኗ ጥቁር ላይ ትናንት ያልነበረ ነጭ ነጥብ አየሁ።

መነጽሩን አውጥቼ በገዛ እጄ አጠለቅኩላት። ጠቅ አለ። ዐይኗ ተከደነ።

«እፎይ» አለች።

ከኋላዋ ሌሎቹ ምሳቸውን አቁመው፣ ዐይናቸው እንደፈጠጠ፣ የቻርጁ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ይጠብቃሉ።