ልጅቷ የሰማችበት ፊልም

አባታችን በዕድሜው የጻፈው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ የልጆች ልብ ወለድ። እኩዮቼ ማንበብ የወደዱት በእሱ ነው፤ ልጆቻቸውም እንዲሁ። ጆሮዋ የማይሰማ ልጅ ወፍጮ ቤት ያለበት ሰፈር ትመጣለች። መጀመሪያ ይሸሿታል፤ ኋላ አንድ ሁለት እያሉ በእጅ ማውራት ይማሩላታል። በመጨረሻው ምዕራፍ ወፍጮው እያጓራ፣ የሰው ድምፅ በማይሰማበት በዚያ ቤት ውስጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ በእጁ ይጨዋወታል።

ልጅቷ ታናሽ እህቴ ናት። አርባ ስድስት ዓመት ሞልቷት እንኳ ቤት ውስጥ «ሚጢጢ» ነው የምንላት። ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ትጠርዛለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አባታችን ካረፈ ወዲህ የመጽሐፉም መብት በእኔ ስም ነው።

ዳይሬክተሩ ሱቄ የመጣው መጽሐፉን ፊልም ላድርገው ብሎ ነው። አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «እትዬ» እያለ፣ በልጅነቱ ምን ያህል እንዳለቀሰበት አጫወተኝ። ሚጢጢ አጠገቤ ነበረች።

«መጨረሻውን እንዳይነካ በይው» አለችኝ በእጇ።

ነገርኩት። «ኧረ እንዴት ተደርጎ!» አለ። ልቤ አመነው። ውሉን እዚያው የጨርቅ መቁረጫዬ ጠረጴዛ ላይ፣ ገጹን ሳላገላብጥ ፈረምኩ።

ፊልሙ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለተጋባዦች ታየ። ንግግሩ ከስክሪኑ ሥር በጽሑፍ አልወጣም። ስለማትሰማ ልጅ ፊልም ሲሠሩ፣ የማይሰማ ሰው ሊያየው ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም! ስለዚህ በስክሪኑ ብርሃን እኔው በእጄ አስተረጎምኩላት። መጨረሻው ላይ ከከተማ ሐኪም መጣ። ነጭ አልጋ፣ ፋሻ፣ አንጀት የሚበላ ሙዚቃ። ፋሻው ሲፈታ እናቷ ከኋላ ጠራቻት፤ ልጅቷ ዞረች። አዳራሹ በለቅሶና በጭብጨባ ተናጋ። እጄ አየር ላይ ቀረ።

ሚጢጢ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «ለምን ዞረች?»

«ሰማች።»

«ማን?»

«ልጅቷ። ዳነች።»

እጄን ትኩር ብላ አየችው። «ከምን?»

መብራቱ በራ። ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ «የታሪኩ ባለቤት እዚሁ አለች» ብሎ ጠራት። ሄደች፤ ድምፅዋ እኔ ነኝና ተከተልኳት። ሚጢጢ ስትቆጣ፣ በእጇ ስታወራ መዳፎቿ እየተጋጩ ይጮሃሉ። የፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡት ደነገጡ።

«ታምሜ አላውቅም» አለች፤ እኔም ጮክ ብዬ ተናገርኩላት። «አባቴም መጀመሪያ እንዲህ አድርጎ ነበር የጻፈው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንብቤ ዓይኑ እያየ ቀደድኩት። ‹ይቺ እኔ አይደለሁም፤ አንተ የምትፈልጋት ልጅ ናት› ብዬ ጻፍኩለት። እስከዚያ ቀን በእጁ ‹ብዪ› እና ‹ተኚ› ከማለት በቀር አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የተማረው። ሲማር ነው ምዕራፉን እንደገና የጻፈው።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር።

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እትዬ፣ ስሜቷ ይገባኛል። የዛሬ ልጆች ግን ተስፋ ይፈልጋሉ» አለ።

ደሜ ፈላ። «እሷን እያየህ አውራ! እኔ ምላሷ እንጂ ሞግዚቷ አይደለሁም!»

ፊቱ ቀላ። «ውሉ እኮ መቀየር ይፈቅዳል። የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

ይሄንንም ማስተርጎም ነበረብኝ። አስተረጎምኩት።

«እንዲቀይሩት ፈረምሽ?» አለችኝ።

«ሳላነበው።»

ያ ሁሉ ሰው ፊት ዓይኗን ጨፈነች። እሷ ዓይኗን ጨፈነችብኝ ማለት በሩን ፊቴ ላይ ጠረቀመችው ማለት ነው።

ፊልሙ እንዳለ ወጣ። ጠበቃ ይዤ፣ ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቼ ያገኘሁት ነገር ቢኖር የአባታችንን ስም ከፖስተሩ ማስፋቅ ነው። ሚጢጢ ግን ቤቷ በሄድኩ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። ሁለት ወር ሙሉ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ለልጇ ዩኒፎርም ልታሰፋ መጣች። ልጅቷ አትሰማም። ሜትሩን ስዘረጋ እናትየው፣ «ፊልሙን እያስተረጎምኩላት ካየችው ወዲህ ያ ሐኪም የት እንዳለ ደብተሯ ላይ እየጻፈች ትነዘንዘኛለች። በእጇ ማውራቱንም እርግፍ አድርጋ ተወችው። ‹ልድን አይደል፣ ምን ያደርግልኛል?› ትላለች» አለችኝ።

ታሪኩ የእህቴ መሆኑን ነገርኳቸውና፣ ሱቁን ዘግቼ ሁለቱንም ይዤ ማተሚያ ቤት ሄድኩ።

ሚጢጢ እኔን ስታይ ዓይኗን ልትጨፍን ነበር፤ ልጅቷን አይታ ተወችው። ልጅቷ ደብተሯን ዘረጋችላት። «አንቺስ መቼ ዳንሽ?» ይላል። የሚጢጢ ፊት ልውጥውጥ አለ። ደብተሩን አጠፈችና ቀስ ብላ በእጇ፣ አንድም ምልክት እንዳያመልጣት ተጠንቅቃ፣ «አልታመምኩም። አንቺም አልታመምሽም» አለቻት።

ልጅቷ እጇን ከኪሷ አወጣች። «ይሄ ማሽን ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀች፤ በጣቶቿ።

ወደ ማሽኑ እየወሰደቻት ሚጢጢ ወደ እኔ ዞረች። መዳፎቿ ጮሁ።

«እንደሷ ሌሎችም ካሉ አምጪያቸው። ካንቺ ጋር ግን ገና አልጨረስኩም!»