ከነላስቲኩ

በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዶክተር ውድነሽ እንዲበሰብስ የቀበረችውን የችግኝ ላስቲክ ከጉድጓዱ ወጥቶ ላቦራቶሪዋ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። አፈሩን በሚገባ አራግፏል። እግር ስለሌለው አልተነሣላትም፤ አፉን ከፈት አድርጎ ግን «እንደምን አደሩ» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ዶክተር ውድነሽ ቦርሳዋን እየሰቀለች። «አንተ ግን እዚህ ምን ትሠራለህ? እስካሁን መበስበስ ነበረብህ።»

«ስለሱ ልነጋገር ነው የመጣሁት» አለ ላስቲኩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ዶክተር ውድነሽ ግን፣ ወልቂጤ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ እጇ የነካው ነገር ይሳካል ብላ የምታምን ሴት ናት፤ ላስቲኩ አፍ ማውጣቱን እንኳ በሆዷ እንደ ጥሩ ውጤት ነው የቆጠረችው። ገላመጠችው እንጂ አልደነገጠችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ችግኝ የሚፈላበት ጥቁር ላስቲክ ዕድሜ ልኩን አይበሰብስም። ስለዚህ ችግኙ ሲተከል መጀመሪያ ላስቲኩ ተቀዶ ይወልቃል፤ የወለቀውን ነፋስ ይወስደውና በየአጥሩ ይንጠለጠላል፣ ላም ሆድ ውስጥ ይገባል። ዶክተር ውድነሽ ከቡላ ላስቲክ ሠራች። ከእንሰት የወጣ ነውና መሬት ውስጥ ይበሰብሳል። ችግሩ ቶሎ መበስበሱ ነበር፤ ገና ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ውኃ ሲጠጣ እንደ ራሰ ወረቀት ይሸነተራል። ያኔ ግራፊን ጨመረችበት። ግራፊን እርሳስ ውስጥ ካለው ጥቁር ነገር የሚላጥ፣ በዓይን የማይታይ ስስ ሉህ ነው፤ በቁንጥጫ ከቡላው ጋር ሲደባለቅ በየቦታው ገብቶ ያያይዘዋል። ላስቲኩ ጠነከረ። ችግኝ ጣቢያውን የሚመሩት ጋሽ ሸምሱ በሁለት እጃቸው ጎትተው ሊቀዱት ሲታገሉ ቆይተው «ማሻ አላህ» ብለው መለሱላት።

በክረምቱ የእንዝራ ጋራ በሙሉ በዚህ ላስቲክ በፈሉ ችግኞች ተሸፈነ። ጋራው ሥር ያለው መንደር አምና ናዳ የወረደበት ነው፤ የጋሽ ሸምሱም ቤት እዚያው ነው። ሰዉ በልማዱ ላስቲኩን ሊያወልቅ ሲል ዶክተር ውድነሽ ድንጋይ ላይ ወጥታ «ከነላስቲኩ!» ብላ ተጣራች። «ከነላስቲኩ ትከሉት፣ እኔ አለሁ!» ሰዉም አመናትና ከነላስቲኩ ተከለ።

«ጋራው ላይ ያሉትስ?» አለች አሁን።

«ሁላችንም አንድ ነን» አለ ላስቲኩ። «የበሰበሰ የለም። ሥሮቹ ውስጣችን እየተጠማዘዙ ነው። ያሳዝናሉ።»

ሥሩ ከላስቲኩ ካልወጣ ችግኙ በበጋው ይደርቃል። ችግኙ ከደረቀ ጋራውን የሚይዘው የለም፤ በሚመጣው ክረምት አፈሩ ሰው በተኛበት ላይ ይወርዳል። ስልክ ደውላ ጋሽ ሸምሱን አስጠራች።

ጋሽ ሸምሱ መጡ፤ ለላስቲኩ ሰላምታ ሰጡና ወደ ዶክተሯ ዞሩ።

«ቆፍረን ብናወልቃቸውስ?»

«ሥሩ ከእኛ ጋር ተጣብቋል» አለ ላስቲኩ። «እኛን ስትቀዱ እሱም ይቀደዳል።»

«ታዲያ ለምን አትበሰብሱም?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«ጠንክሩ ተባልን፣ ጠነከርን። ከዚያ ደግሞ በስብሱ ተባልን። ጥንካሬን ጎትታችሁ ጎትታችሁ አስተምራችሁናል። አፈር መሆንን ግን ያሳየን የለም።»

«ቀላል ነው እኮ» አለች ዶክተር ውድነሽ።

«ሆነው ያውቃሉ?»

የሙያ ጥያቄ ስለሆነ መዋሸት አልፈለገችም። «አላውቅም» አለች።

ያን ቀን ያልሞከረችው ነገር የለም። ትል አመጣች፤ ትሎቹ ላስቲኩን ዞር ዞር ብለው አዩትና ወደ ጣሳቸው ተመለሱ። እበት ቀባችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ የፈላ ውኃ ውስጥ ነከረችው። ላስቲኩ ሁሉንም በጨዋ ደንብ ቻለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ውኃው እንደበዛበት ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሸምሱ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ግንባራቸውን ያዙ።

«የልጅ ልጆቼ የሚተኙት በጋራው በኩል ባለው ክፍል ነው» አሉ፤ ለማንም አልነበረም የሚናገሩት።

ይህ አንጀቷን በላው። ጠግቤያለሁ ያለን እንግዳ አንድ ጉርሻ ጨምር ብላ እንደምትለምን ሴት ላስቲኩ ፊት ጎንበስ አለች።

«አፈር ስሆን እሺ በለኝ» አለችው። «በሞቴ! አፈር ስሆን!»

ላስቲኩ አፉን ወደሷ አዞረ። ከዚያ «መቼ?» አለ።

«ምኑ?»

«‹ስሆን› ብለዋል። መቼ ነው የሚሆኑት?»

«ኧረ አነጋገር ነው!» አሉ ጋሽ ሸምሱ ከበርጩማው ብድግ ብለው። «ለልመና የሚባል ነው። ባለቤቴ ምሳ በቀረበ ቁጥር ትለኛለች፤ ይኸው አለች፣ አንድ ቀን ሆና አታውቅም!»

«እኔ አነጋገር አላውቅም» አለ ላስቲኩ። «ከቡላና ከግራፊን ነው የተሠራሁት። እሳቸው ሲሆኑ ካየሁ እሆናለሁ። ሌሎቹም እንዲሁ።»

ዶክተር ውድነሽ ፈራች። ፍርሃቱ የቆየው ግን የታጠበ እጅ እስኪደርቅ ያህል ነው። «እኔ አለሁ» ያለችው እሷ ናት፤ ተናግራ የቀረችበት ነገር ደግሞ የለም። ጋዋኗን አወለቀችና በሥርዓት አጠፈችው።

«እንሂድ» አለች። «ሁሉም በደንብ የሚያዩኝ ቦታ ይሁን።»

በባጃጅ ሄዱ። ሾፌሩ ላስቲኩን «ጠጋ በል ወንድሜ» አለው።

ዶክተር ውድነሽ ጋራው ወገብ ላይ፣ በችግኞቹ መካከል እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ከየጉድጓዱ ብቅ ያሉት የላስቲኮቹ ከንፈሮች ወደሷ ዞሩ።

«ልብ በሉ» አለች፤ ተማሪ ፊት ስትቆም በምታወጣው ድምፅ ነው። «የሚጀምረው ከጫፍ ነው። መጀመሪያ ይላላል፣ ከዚያ መያዝ ይተዋል።»

የግራ እጇ ጣቶች ጠቆሩ፣ ለሰለሱ፣ ቀሚሷ ላይ ረገፉ። በቀኝ እጇ ቆንጥራ አሸችው፤ አሸተተችው።

«ለም ነው» አለች፤ ኩራቷን አልደበቀችም። «ጋሽ ሸምሱ፣ እንዲህ ያለ አፈር አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም» አሉ ጋሽ ሸምሱ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። «ልጄ፣ ይብቃሽ። አይተውልሻል እኮ።»

«ግማሽ አየን ብለው ግማሽ ቢበሰብሱስ?» አለችና ቀጠለች።

አፈሩ እስከ ትከሻዋ ሲደርስ ከመሬት ውስጥ ስፌት የሚተረተር የመሰለ ድምፅ ተሰማ። አጠገቧ ተቀምጦ የነበረው ላስቲክ «አሃ፣ እንዲህ ነው ለካ» አለና ብን ብሎ ዱቄት ሆነ። ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ የታችኞቹ። የተጠማዘዙት ሥሮች ተፈቱ፤ ጎብጠው የከረሙት ችግኞች ተራ በተራ ቀና አሉ። ዶክተር ውድነሽ ይህን ሁሉ አየች። ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

«አላልኳችሁም?» አለች። ከዚያ በኋላ የሚናገር አፍ አልቀረም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋሽ ሸምሱ ክምሩን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም። በእፍኛቸው እየዘገኑ በየችግኙ ሥር አደረጉት። የመጨረሻውን ከአንዲት ቀጭን የወይራ ችግኝ ሥር አፍስሰው በመዳፋቸው ጠቅ ጠቅ አደረጉት። አፈሩ ይሞቃል። እጃቸውን ሊያነሡ ሲሉ ከሥር እጅ የመሰለ ነገር ጨበጣቸው፤ ጠንካራ ጭብጥ ነበር። ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን አልነጠቁም። ነፋስ አልነበረም፤ ከጋራው ጫፍ እስከ ግርጌው ያሉት ችግኞች ሁሉ ግን ወደሳቸው ጎንበስ አሉ።