ማሰብ የተከለከለበት ጨዋታ

ልብስ ሰፊዋና ሾፌሩ ወንድሟ፣ እናታቸው ካረፉ ወዲህ በር ላይ እንኳን ቢገጣጠሙ እንዳልተያዩ ይተላለፉ ነበር። በእናታቸው የመጨረሻ ሕመም ጊዜ “አንተ ነህ የተውካት”፣ “አንቺ ነሽ እንጂ” ተባብለው ተቆራርጠዋል። ያስታረቃቸው ደግሞ፣ ጉድ በሉ ልጆቼ፣ ሽማግሌ አይደለም፤ ቴሌቪዥን ነው።

ጣቢያው አዲስ የጥያቄ ጨዋታ ሊጀምር ሲል አንድ ዝግጅት ለሙከራ ይቀርጻል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ እናቷንም አጎቷንም ሳታማክር አስመዘገበቻቸው። ጨዋታው ቀላል ነበር። አንዱ ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣል፣ ሌላው ስለ እሱ ይጠየቃል። ደወል የለ፣ ሰዓት የለ። “እንደፈለጋችሁ አስቡ” ተባሉ።

“ወንድምዎ ሲከፋው ምን ያደርጋል?”

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን እያሻሸች ብዙ ቆየች። “መኪናውን ያጥባል” አለች በመጨረሻ። “ንጹሕ ብትሆንም ያጥባታል።”

ከመጋረጃው ጀርባ መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ አፍንጫ የሚስብ ሰው ተሰማ። እንዲህ ታረቁ።

ጣቢያው ሙከራውን አይቶ ወደደው። ስለወደደውም አንድ ነገር ሳያስቀር ለወጠው።

ለመደበኛው ዝግጅት ሲጠሩ ልብስ ሰፊዋ አዳራሹ በር ላይ ደርቃ ቀረች። መጋረጃው የለም። ወንበሮቹ እንደ ጥርስ ሐኪም ወንበር ወደ ኋላ የሚገለበጡ ሆነዋል፤ ከሥራቸው አረፋ የሞላ ገንዳ ተደግኗል። ለተመልካቹ ደግሞ የሚደነቅበትን ጊዜ የሚነግረው ሰው ተቀጥሮለታል፤ በራሱ ቢደነቅ ይሳሳታል ተብሎ ይሆናል።

አዘጋጁ ጥቁር መነጽሩን አናቱ ላይ ሰክቶ መጣ፤ አዳራሹ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣ ይመስል።

“እናቴ፣ አሻሽለነዋል! አሁን ያለዎት ሦስት ሰከንድ ነው። ዝም ካሉ ወንበሩ ይገለብጥዎታል።”

“ማሰቡስ?”

“ማሰብ ለካሜራ አይሆንም። መታረቃችሁም ጥሩ ነበር፣ ግን ተመልካች የሚወደው ጠብ ነው። እስቲ ትንሽ ብትጣሉልን?”

“ስትፈልጉ የምታበሩን፣ ስትፈልጉ የምታጠፉን አምፖል ነን እንዴ?” አለ ሾፌሩ።

“እንዲህ ነው! ይቺን ካሜራው ፊት ይድገሙልኝ፣ ጋሼ!”

ልብስ ሰፊዋ ልትመለስ ዞራ ነበር። ግን ልጇ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ አምጥታ፣ ከተመልካቹ መሃል እጇን ታውለበልባለች። ምን ይደረግ፤ ተቀመጡ።

አቅራቢው ጨረታ ላይ ያለ ይመስል ጮኸ። “ለእህት! እናታችሁን በመጨረሻቸው የተዋቸው ማን ነው? እርስዎ ወይስ እሱ?”

በሙከራው ጊዜ ካሜራው ከጠፋ በኋላ እህትና ወንድሙ አምነው ያጫወቷቸውን ነው አዘጋጆቹ አደባባይ አውጥተው ያሰጡት። ልብስ ሰፊዋ አንድ ቃል ከአፏ ቢያመልጥ ያ ሁሉ ኩርፊያ ተመልሶ እንደሚመጣ አወቀች። ወንድሟን አየችው፤ ፊቱ ጠቁሯል። ጣቷን ማሻሸት ጀመረች።

“ሰዓት እየሄደ ነው!”

“እያሰብኩ ነው።”

“ተዋት፣ ታስብ!” አለ ሾፌሩ።

ደወሉ ጮኸ፤ ወንበሯ ተገለበጠ፤ ልብስ ሰፊዋ ከነነጠላ ጫማዋ አረፋ ውስጥ ገባች። ያንኑ ጥያቄ ወንድሟን ሲጠይቁት እጁን አጣጥፎ፣ “እኔም እያሰብኩ ነው” አለና ተከትሏት ወረደ።

አዘጋጁ መነጽሩ እስኪወድቅ ዘለለ። “ግሩም! በየሳምንቱ እንዲህ እናድርገው!” አንዳንድ ሰው ሲንቁት እንኳን የተጨበጨበለት ይመስለዋል።

ወንድሟ በመኪናው ወሰዳት። ቤቷ በር ላይ አውርዷት ሄደ። ጥያቄው ውስጡ ገብቶ ይሆን እያለች ስታሰላስል አደረች።

ጠዋት መስኮቷን ስትከፍት የወንድሟ መኪና ደጇ ላይ ቆማለች። ወንድሟ እጅጌውን ሰብስቦ ያጥባታል። አቧራ እንኳን አልነበረባትም።

ልብስ ሰፊዋ ባልዲ ውኃ ሞልታ ወጣች።

“ጎማውን ዘለልከው” አለችው።

“ነይ እትዬ፣ በዚያ በኩል ጀምሪ” አላት፣ ቀና ሳይል።