የበረኪናው ባልዲ

በማይክሮስኮፑ ሥር የሚታዩት የዋቅላሚ ሴሎች ተመጥጠው ባዶ ቀፎ ሆነዋል። በየጀርባቸው ላይ ጥቃቅን ፈንገሶች እንደ መዥገር ተጣብቀዋል። ባለሙያዋ የፈራችውን አየች፤ ናሙናው የተቀዳው ከሁለተኛው ኩሬ ነበርና።

የከተማውን ፍሳሽ የሚያጣሩት ኩሬዎች ሕይወታቸው ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ዋቅላሚ ነው። የመጀመሪያው ኩሬ በፈንገሱ ሲታመም ሕግ ያወጣችው ራሷ ነበረች፤ ከኩሬ ወደ ኩሬ የሚሻገር ሁሉ ጫማውንና ዕቃውን በበረኪናው ባልዲ ይነክራል። የውሃ መዝጊያውን የሚጠብቀው አጎቷ ባዶ እጁን ሲያልፍ እንኳ ይነክር ነበር። ሠራተኞቹ «ጋሼ፣ ጫማዎ ከእርስዎ በላይ ገላውን ታጠበ እኮ!» እያሉ ያሾፉበታል።

እሷ ግን እንግዶች የመጡ ዕለት ለአዲሱ ጫማዋ ሳስታ፣ የናሙና መቅጃዋን እንደያዘች ከመጀመሪያው ኩሬ ወደ ሁለተኛው ባልዲውን ዘላው አለፈች። ለአንድ ቀን ምን ይመጣል ብላ ነው።

ሁለተኛው ኩሬ ቡናማ ሆኖ ሽታው ሰፈር ሲደርስ፣ ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ መሐል ምክንያቱን ጠየቃት። ምላሷ ቀደማት። «መዝጊያው ክፍት አድሮ የፋብሪካ ፍሳሽ ገብቶ ይሆናል» አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጋት አጎቷ ብድግ ብሎ፣ «እሷ ካለች ልክ ነው። እርጅና ነው መቼም» አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በዚህ የተነሳ አጎቷ ዛሬ ከሥራ ይሰናበታል።

ከላቦራቶሪው ስትወጣ በኩሬዎቹ መሐል ባለው መንገድ ልብሱን በፌስታል ይዞ ሲመጣ አየችው። ባልዲው ጋ ሲደርስ ፌስታሉን አስቀምጦ አንድ እግሩን፣ ከዚያም ሌላውን ነከረ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ተወው።»

«አንቺ ያወጣሽው ሕግ አይደል?»

ፊቷ እንደ እሳት ጋለ። «እኔ... ያን ቀን...»

«አይቼሻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ጫማው አዲስ ነበር፤ አሳዘነሽ።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን ድሮ ብርጭቆ ስትሰብር እንደሚያያት ነው ያያት።

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው በር ላይ «ውጤቱ ደረሰ ወይ?» ብሎ ተጣራ።

ያንኑ ጫማ እንዳደረገች ሁለት እግሯን ባልዲው ውስጥ ከተተች። በረኪናው ካልሲዋ ድረስ ዘለቀ።

«ደርሷል!» አለች ጮክ ብላ። «መዝጊያው አልነበረም፤ ጋሼን ይዤው እመጣለሁ።»

ፌስታሉን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። እሱ ግን ገና አልለቀቀውም።