ወደ የሻረግ ደጅ የታጠፈው መንገድ

ጣሊያን ከካዛንቺስ ተነስቶ በቂርቆስ ግርጌ ወደ ገጠር የሚወጣ የመኪና መንገድ ሊጠርግ ችካል ሲተክል፣ ወይዘሮ የሻረግ ምንም አልመሰላትም። ችካሉ ቀጥ ብሎ የሚያልፈው በጎረቤቷ በአቶ ሀብተሥላሴ ባሕር ዛፍ መሐል ነበር። ለእሷ ባሏ ትቶላት የሞተው አንዲት ጎጆና ከጀርባዋ ያለችው የገብስ ማሳ ነው፤ ከዚያ ሌላ መድረሻ የላትም።

ሰኞ ከገበያ ስትመለስ ግን ችካሉ ባሕር ዛፉን ትቶ፣ እንደ ሰካራም ተጣሞ፣ ጎጆዋን መሐል አስገብቶ ቆሟል።

ሰፈሩ ምክንያቱን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገውም። ሀብተሥላሴ ጣሊያን ገና ከተማ ሳይረግጥ ቀድሞ እጅ የነሳ ሰው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሙክት ወደ መንገዱ መሐንዲስ አስተርጓሚ ወደ ታዲዎስ ቤት ሲነዱ ያላየ የለም። ታዲዎስ ደግሞ የቂርቆስ ልጅ ነው። የጠላትስ ይሁን፤ በየሻረግ ጉርሻ ያደገ ልጅ ቤቷን በሁለት ሙክት ሲለውጥባት እንዴት አንጀቷ አይቃጠል?

በማግስቱ ቆፋሪዎቹ ታዲዎስን አስከትለው ሲመጡ የሻረግ ፊታቸው ቆማ «በሕግ አምላክ» አለች። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል፤ ሁሉም ዶማቸውን እንደ ያዙ ቀጥ አሉ። ታዲዎስም ቆመ። የሻረግ የነጠላዋን ጫፍ ጣሊያን ካለበሰው ካፖርት ጫፍ ጋር ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት፤ ቋጠሮውንም የሚፈታው ዳኛ ብቻ ነው።

«እትዬ የሻረግ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነገር ነው» አለ ታዲዎስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው እያየን ነው፤ ይተዉኝ።»

«የድሮ ከሆነ ፍታው።»

አልፈታውም። ጣሊያን ካፖርት እንጂ ልብ አልሰፋለትም።

እንደ ተቋጠሩ ካዛንቺስ ድረስ ሄዱ። መሐንዲሱ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ ሲያያቸው ሳቀ። የሻረግ ሳቁን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ተናገረች፦ መንገዱ መጀመሪያ በማን ደን ያልፍ እንደ ነበር፣ ማን እንዳጣመመው፣ ሙክቶቹንም ሳትተው። ስትጨርስ ነው ነገሩ የገባት። ይህን ሁሉ ለመሐንዲሱ የሚያስተረጉምላት ያው ተከሳሹ ነው። አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ታዲዎስ ሦስት አራት ቃል ተናግሮ ዝም አለ።

«እኔ ይህን ያህል ተናግሬ ያንተ እዚህ ላይ አለቀ?»

«ነግሬያቸዋለሁ። በቃ፣ አይሆንም ብለዋል» አለ መሬት መሬት እያየ።

መሐንዲሱ በእጁ ምልክት ሰጠ። ዘበኛው ሳንጃውን መዝዞ ነጠላውን ከቋጠሮው ሥር ቆረጠና የሻረግን ገፍትሮ አስወጣት።

ረቡዕ ከቀትር በፊት ጎጆዋ ፈረሰ። ሊካሳ የሚባል አንድ ቆፋሪ «ክርክሩ ሳያልቅ እጄን አላነሳም» ብሎ ዶማውን ጣለ፤ ተገርፎ ተባረረ። ሌሎቹ አፈረሱት። ለመታጨድ ሳምንት በቀረው ገብስ ላይ ጠጠር ተደፋበት። ከሀብተሥላሴ ባሕር ዛፍ አንድ ቅጠል አልረገፈም።

እሑድ ታዲዎስ ቂርቆስ አስቀድሶ ሲወጣ የሻረግ ከቅጽሩ በር ላይ ጠበቀችው። ሕዝቡ እያየ፣ የተረፈውን የነጠላዋን ጫፍ ከካፖርቱ ጋር እንደ ገና ቋጠረችው።

«እትዬ፣ አሁን ደግሞ ወዴት ልንሄድ ነው?»

«የትም አንሄድም። ዳኛ እስኪመጣ እዚሁ እንጠብቃለን።»

ታዲዎስ ግራ ቀኙን አየ። የሚቆርጥለት ዘበኛ የለም። እጁን ወደ ቋጠሮው ሰደደ፤ ሰዉ ሁሉ እጁን ያያል። እጁን መለሰና ከጎኗ ቆመ።